ከጎጃም ተነስቶ የዋልታን በረዶ ማጥናት ይቻላል ወይ? የሚያውቅ ይንገረኝ

የጮቄ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አምና በፊዚክስ ተመርቄያለሁ። አሁን ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ለተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስ እያስጠናሁ ነው የምኖረው። ቤተሰቦቼ ጮቄ ሥር ናቸው፣ ገብስና ድንች ያመርታሉ። መማር የምፈልገው ስለ ግሪንላንድና ስለ አንታርክቲካ በረዶ ነው። ያ በረዶ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ባሕሩንም በምን ያህል ከፍ እንደሚያደርገው የሚለኩ ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ መሆን እፈልጋለሁ። የአንድ ሰሞን ስሜት አይደለም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስበው ቆይቻለሁ።

ከየት እንደመጣብኝ ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር በረዶ ማለት ገብስ የሚደበድብ ነገር ነው። ልጅ እያለሁ አንድ ነሐሴ ከባድ በረዶ ጣለ። ማሳው ሁሉ ነጭ ሆነ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ሲያይ ትዝ ይለኛል። እኔ ግን ልጅ ነኝና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተከመረውን ነበር የማየው። ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ሆኗል። በማግስቱ እናቴ የምድጃ አመድ ላዩ ላይ ደፋችበት፣ ፀሐይም ወጣች። አመዱ ስስ ሆኖ የተበተነበት በኩል ቶሎ ቀልጦ ሰመጠ። ወፍራም ሆኖ የተቆለለበት ደግሞ ጉብ ብሎ እስከ ማታ ቆየ። አንድ አመድ፣ አንድ በረዶ፣ ሁለት የተለያየ ነገር። ብጠይቅም የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ብርሃንና ስለ ሙቀት ስማር ነው የገባኝ። ስሱ አመድ በረዶውን ያጠቁረውና የፀሐይ ሙቀት ይስባል፣ ወፍራሙ ደግሞ እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ይከለክላል። ከዚያ በኋላ ስለ በረዶ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

አሁን ጥያቄዬ። ከእኛ አገር ሰው በዚህ ሥራ የገባ አለ? ሥራው በየቀኑ ምን ይመስላል? ከየት ልጀምር? ምክር የጠየቅኳቸው አንድ የማከብራቸው ሰው «ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ባሕር ከፍታ ምን አገባው» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ ሁለት ሆኗል። አባቴም አልተቃወመም፣ ግን «በረዶ ምን አድርጎልን ያውቃል ልጄ» ብሎ ዝም አለ።

የሞጣው፦

ወንድሜ፣ የአመዷን ነገር ሳነብ እጄ ላይ የያዝኩትን ቡና አስቀመጥኩ። እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። አሁን ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ፒኤችዲ እየሠራሁ ነው፣ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ የማጠናውም የግሪንላንድን በረዶ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያ ጥያቄህ ተመልሷል፤ አለን።

ሥራው ምን ይመስላል ላልከው፣ ሰው የሚያስበው ቀዩን ጃኬት ለብሶ በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ነው። እውነቱ ግን ከዓመቱ 11 ወር ያህሉን ኮምፒውተር ፊት ነኝ። በረዶውን የሚያዩልን ሳተላይቶች ናቸው። አንዳንዱ በሌዘር፣ አንዳንዱ በራዳር ከፍታውን ይለካል። ዘንድሮ በዚህ ቦታ ይህን ያህል ነበር፣ ከአምናው በዚህ ያህል ዝቅ ብሏል ይልሃል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በስበት የሚለካው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተላኩ ግሬስ የሚባሉ ሁለት መንትያ ሳተላይቶች ነበሩ፣ በ2018 ደግሞ ተተኪዎቻቸው ሄዱ። አንዱ ሌላውን ወደ 220 ኪሎ ሜትር ርቀት እየተከተለ ይዞራል። ፊተኛው ከባድ ነገር ያለበት ቦታ ሲደርስ ስበቱ ሳብ ያደርገዋል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በጣም በጣም በትንሹ ይለወጣል፣ ያቺን ከፀጉር የምትቀጥን ለውጥ ይለኳታል። ከዚያ ተነስተን ግሪንላንድ ምን ያህል እንደቀለለ እናሰላለን። በረዶውን በሚዛን ላይ አውጥቶ መመዘን ማለት ነው። አንድ ሙሉ ደሴት!

የተገኘው ቁጥር ይኸውልህ። ከ2002 ወዲህ ግሪንላንድ በአማካይ በዓመት ወደ 270 ቢሊዮን ቶን በረዶ ያጣል። አንታርክቲካ ደግሞ ወደ 150 ቢሊዮን።

ስለ በረዶው አካሄድ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ከዚህ ሥራ ግማሹ እሱ ነው። ሰው በረዶ ቆሞ የሚቀልጥ ይመስለዋል። ግን ይፈሳል። ሊጥ ምጣድ መካከል ላይ ብታፈስ በራሱ ክብደት ወደ ዳር ይዘረጋል አይደል? የአንታርክቲካ በረዶም እንዲሁ ነው፣ መካከሉ 3 እና 4 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፣ በክብደቱ ወደ ባሕሩ ይዘረጋል፣ ዳሩ ላይ ሲደርስ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይወጣል። ያ የተንሳፈፈው ክፍል ለኋለኛው ባላ ነው። ቤት ሲያዘም ባላ ይደገፍ የለ፣ ልክ እንደዚያ። በ2002 ላርሰን ቢ የሚባለው ተንሳፋፊ በረዶ ጣና ሐይቅን የሚያህል ሆኖ ሳለ በአንድ ወር ከምናምን ብትንትኑ ወጣ። ባላው ሲወድቅ ከኋላው የነበሩት ግግሮች ፍጥነታቸውን ጨምረው ወደ ባሕር ይወርዱ ጀመር። አሁን ሁሉም የሚያየው ትዌይትስ የሚባለውን የምዕራብ አንታርክቲካ የበረዶ ግግር ነው። ወርዱ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከባሕር ዳር እንጅባራ እንደማለት ነው። የተኛበት መሬት ከባሕር ወለል በታች ነው፣ ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይጎደጉዳል፤ የሚያስፈራው ይኸ ነው፣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ከጀመረ የሚያቆመው ነገር ትንሽ ነው። እሱ ብቻውን ቢያልቅ የዓለምን ባሕር በአማካይ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። መቼ፣ በምን ፍጥነት የሚለውን ለማወቅ ነው ይህ ሁሉ ሰው የሚለፋው።

መስክ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ምዕራብ ግሪንላንድ፣ ካንገርሉሱዋክ የሚባል ቦታ ነው መነሻው። የሄድነው በእኛ ክረምት ነው፣ ለእነሱ በጋ ነው። ሥራችን ችካል መትከል ነበር። አዎ፣ ችካል። በእንፋሎት መሰርሰሪያ በረዶውን ወደ ታች ትበሳለህ፣ ረጅም ዘንግ ትከታለህ፣ ጫፉን ብቅ አድርገህ ቁጥሩን ጽፈህ ትሄዳለህ። በዓመቱ ስመለስ 20 ሳንቲ ብቻ ብቅ አድርገን የተውነው ችካል ከቁመቴ በላይ ወጥቶ ቆሟል። ዳር ላይ ያለው በረዶ በአንድ በጋ 3 ሜትር ወደ ታች ሊቀልጥ ይችላል። ወረቀት ላይ ስታየው ቁጥር ነው፣ እዚያ ቆመህ ወደ ላይ ቀና ብለህ ስታየው ግን ሌላ ነው። የአንተ አመድም እዚያ አለ። ነፋስ ያመጣው ጥቁር አቧራ ያረፈበት ሁሉ በጣት እንደተወጋ ሊጥ ትንንሽ ጉድጓድ ሆኗል፣ ጉድጓዱ ሥር ላይ ጥቁሩ አቧራ ተኝቶ ታየዋለህ። አንተ በልጅነትህ ጓሮ ያየኸውን ሰዎች መጽሐፍ ሙሉ ይጽፉበታል።

ሌሊት ደግሞ ድንኳን ውስጥ ተኝተህ ውኃ ትሰማለህ። በረዶው ላይ ወንዝ ይፈሳል፣ ሰማያዊ ነው፣ ከዚያ አንድ ቀዳዳ ሲያገኝ ይገባና ይጠፋል፣ ድምፁ ጢስ አባይን በመስከረም ለሰማ ሰው አዲስ አይሆንበትም። ፍልሰታ እዚያው ደረሰብኝ። እናቴ የላከችልኝን በሶ ይዤ ነበር፣ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠህ ትጠጣለህ፣ ቀኑን ሙሉ ያቆምሃል። ጓደኞቼ ሁሉ ቀመሱት። በሁለተኛው ዓመት የቡድኑ ኃላፊ ራሷ «ያቺን ዱቄት ታመጣለህ አይደል» አለችኝ።

የአዴት ሰው፦

ወንድሞቼ እኔ ሐሳባችሁን አልንቅም፣ ግን የሚሰማኝን ሳልናገር ብቀር ደግ አይሆንም። እኔ የግብርና ሰው ነኝ። የጎጃም አፈር በአሲድ ተይዟል። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፣ አፈሩ አልቀበልም ይላል። ኖራ ያስፈልጋል፣ ኖራው ደግሞ በሰዓቱም በበቂውም አይደርስም። በየክረምቱ ደግሞ ያለው አፈር ታጥቦ አባይ ይገባል። እንዲህ ያለ ራስ ያለው ልጅ፣ ያውም ከጮቄ ሥር የወጣ፣ ያየውን ነገር እስከ ሥሩ የሚከታተል ልጅ፣ ለዚህ አፈር ቢሠራልን እላለሁ። በረዶውን ሀብታሞቹ አገሮች ያጠኑታል፣ ገንዘብም መርከብም አላቸው። የእኛን አፈር ግን ከእኛ በቀር ማን ያጠናልናል? ተቃውሞዬ ይኸው ነው። ልጁን ለማስከፋት አይደለም።

ጡረታ የወጣሁ መምህር (ቡሬ)፦

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ፣ አሁን ልጆቼ ስልክ ገዝተውልኝ እዚህ ቤት እየመጣሁ አነባለሁ።

የአዴቱ ልጄ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ። ያ ታጥቦ አባይ ይገባል ያልከው አፈር የት ይደርሳል? «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱን ብቻ አይደለም፣ የጎጃምን አፈር ይዞ ነው የሚዞረው። በሺህ የሚቆጠር ዓመት ሙሉ ያን አፈር ወስዶ ሜዲትራኒያን ዳር ደለል አድርጎ አነጠፈው። የግብፅ ዴልታ የሚባለው አገር አብዛኛው ደለሉ ከእኛ ደጋ የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲያልቅ ደለሉ ግድቡ ውስጥ ቀረ። ዴልታው አዲስ አፈር ማግኘት አቆመ። ለስላሳ ደለል ደግሞ በራሱ ክብደት እየተጠቀጠቀ ይሰምጣል፣ ድሮ የሰመጠውን የሚተካው የየዓመቱ ጎርፍ ነበር። አሁን የሚተካ የለም። መሬቱ ወደ ታች፣ ባሕሩ ወደ ላይ። በእስክንድርያ አካባቢ ባሕሩ ዳርቻውን እየበላው፣ ጨዋማ ውኃ ማሳው ሥር እየገባ ነው። እንግዲህ የጮቄ አፈርና የግሪንላንድ በረዶ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ደግሞ ማዳበሪያ አልክ። ማዳበሪያው በየት በኩል ነው የሚመጣው? በጅቡቲ ወደብ አይደለም እንዴ? ወደብ ደግሞ ተራራ ላይ አይሠራም። የባሕር ዳርቻ ስለሌለን ባሕሩ አያገባንም ማለት ልክ አይደለም፣ ያለን አንድ ዋና በር የሌላ ሰው ዳርቻ ላይ ስለሆነ ይበልጥ ያገባናል።

ባሕሩ ከፍ ማለቱን የሚጠራጠር ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ድረስ በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥቷል። ስንዝር ማለት ነው። አሁን በዓመት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ እየሄደ ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ በረዶው ሳይሆን ውኃው ራሱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ነው። ተማሪዎቼን ሳስተምር «ማሰሮው ሳይጨመርበት ሲገነፍል አላያችሁም?» እላቸው ነበር።

የጮቄው ልጄ ሆይ፣ ያ «ምን አገባው» ያለህ ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። እኔም አስተማሪ ሆኜ አንድ ልጅ ስለ ከዋክብት ሲጠይቀኝ «መጀመሪያ ፈተናህን እለፍ» ያልኩበት ቀን አለ። እስካሁን ይቆጨኛል። ልጁ ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ጣና ዳር፦

እኔ ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ የውኃ ሀብት ነው የተማርኩት። ወንድሜ፣ ሁሉም ስለ ዓላማው ተናግሯል፣ እኔ ነገ ጠዋት ምን እንደምትሠራ ልንገርህ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይጥራልህ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠየቃልና። ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩን ይህን ያህል ከፍ አያደርግም። ጣና ላይ ያለች ታንኳ ሐይቁን ቀድሞውኑ ገፍታዋለች፣ ቦታዋን ይዛለች። ሐይቁን ከፍ የምታደርገው ከዳር ተገፍታ አዲስ የምትገባዋ ታንኳ ነች። መሬት ላይ ያለ በረዶ ማለት ገና ከዳር ያለችው ታንኳ ነው።

ሁለተኛ፣ የሞጣው የጠቀሰውን ቁጥር በራሳችን መለኪያ ላምጣው። የዓለም ውቅያኖስ ስፋት 361 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባሕሩን 1 ሚሊ ሜትር ለማስነሳት ወደ 360 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል። የህዳሴው ግድብ ሲሞላ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ነው። ስለዚህ አምስት የህዳሴ ግድብ ሙሉ ውኃ ቢፈስስ ነው ባሕሩ 1 ሚሊ ሜትር የሚነሳው። ግሪንላንድ ብቻውን በየዓመቱ ሦስት ግድብ ተኩል ያህል ያፈስሳል። እኛ አንዱን ለመሙላት ስንት ክረምት እንደጠበቅን አስቡት። መጀመሪያ ያሰላሁት ቀን ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

አሁን ወደ ሥራው። የባሕሩን ከፍታ የሚለካው ሳተላይት ጣናንም ይለካል። እውነቴን ነው። ሳተላይቱ ራዳር ወደ ታች ይልካል፣ ውኃው መልሶ ያንጸባርቀዋል፣ ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ከፍታውን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1992 ቶፔክስ ፖሲዶን ከተላከ ወዲህ ጄሰን እየተባሉ፣ ከዚያም ሴንቲነል 6፣ እርስ በርስ እየተተካኩ ሳያቋርጡ ሲለኩ ኖረዋል። የጣናም ዳታ በነፃ ይገኛል። እንግዲህ ከበረዶው አትጀምር። ከጣና ጀምር። የምታውቀው ውኃ ነው፣ ስህተት ብትሠራ ወዲያው ታውቀዋለህ፣ በሰኔ ሞልቶ ካሳየህ ኮድህ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ዳታ ማንበብ፣ የጎደለውን ማየት፣ ስህተቱን መገመት፣ ግራፍ ማውጣት፣ ይህ ሁሉ ለበረዶውም ያው ነው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማር፣ ስልክ ላይ ሳይቀር ይጀመራል፣ ግን ላፕቶፕ ብትዋስም ይሻላል። ኔት ባለ ሰዓት አውርደህ አስቀምጥ፣ ሥራውን ኔት ሳይኖርም ትሠራዋለህ። እኔ ማስተርሴን ስሠራ ኔት የማይገኝበት ረጅም ጊዜ ነበር፣ ያዳነኝ ቀድሜ ያወረድኩት ፍላሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ በረዶው የምትሄደው። ኮሎራዶ ቦልደር ያለው የአሜሪካ የበረዶ ዳታ ማዕከል ያለውን ሁሉ በነፃ ይሰጣል። የበረዶ ፍሰት የሚያሰሉ ፕሮግራሞችም ኤልመር አይስ፣ ፒዝም የሚባሉት ክፍት ናቸው። ሒሳብህን አጥብቅ፣ በተለይ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን። ስኮላርሺፕ ስትጠይቅ በወረቀት ላይ «ፍላጎት አለኝ» ከሚሉት መቶ ሰዎች መካከል «የጣናን የ30 ዓመት ከፍታ ራሴ አውጥቼ ይኸውና» የሚል ሰው ይለያል። ለፕሮፌሰሮች ስትጽፍ የአመዷን ታሪክ በሁለት መስመር አስገባት፣ እባክህ። የአውሮፓ ኅብረቱ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንደስም የጀርመኑ ዳድም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ናቸው፣ ቀናቸውን ቀድመህ እወቅ።

የአዴት ሰው፦

መምህር፣ የዴልታውን ነገር እንዲህ አላሰብኩትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። አሁንም ግን አፈሩ ሰው ይፈልጋል። ልጁ ከሄደ በኋላ ስበት የሚለኩትን ሳተላይቶች የእኛን የከርሰ ምድር ውኃ ለማየት ቢጠቀምባቸው ደስ ይለኛል። ይሆናል ወይ?

ጣና ዳር፦

ይሆናል፣ እየተሠራበትም ነው። በአባይ ተፋሰስ ላይ የውኃ ክምችቱ ክረምትና በጋ ሲወጣና ሲወርድ ግሬስ በደንብ ያየዋል። አንድ ወረዳ ለብቻው ለመለየት ግን ዓይኑ ሰፊ ነው፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነው የሚያየው።

የጮቄ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ የጻፉልኝን ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። አንድ ጥያቄ ለሞጣው፤ የሚከብደው ነገርስ? ደጉን ነገርከኝ፣ ክፉውንም ንገረኝ።

የሞጣው፦

ልክ ነህ፣ እሱን ሳልነግርህ ብቀር ወንድምነት አይሆንም።

ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክያለሁ። አንዱ ለስብሰባ ነበር፣ ወረቀቴ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ስሜ ፕሮግራሙ ላይ ወጥቶ፣ እኔ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው ሲያቀርብልኝ በስክሪን አየሁት። ሥራው በኮንትራት ነው፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ እንደገና ማመልከት። ጨለማው ከባድ ነው፣ በታኅሣሥ ጠዋት ስወጣም ማታ ስመለስም ጨለማ ነው። የጥምቀት ሰሞን በጣም ይከፋኛል፣ ይህን አልደብቅህም። እናቴ ስትታመም አልደረስኩም፣ ተርፋለች፣ ግን አልደረስኩም።

ሌላም አለ። በየዓመቱ የምታወጣው ቁጥር የሚያስደስት አይደለም። አንድ ጊዜ ግራፉን ስጨርስ መስመሩ ወደ ታች ሄዶ ሄዶ ከወረቀቱ ሊወጣ ደረሰ። መምህሬ ዝም ብላ አየችውና «ልኩን አግኝተሃል» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ልክ ነውና። አላስደሰተኝም። ወጥቼ ትንሽ ተራመድኩ።

ግን ለምን አልተውከውም ብትለኝ፣ አንድ የወደብ መሐንዲስ ግንቡን ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚሠራ መወሰን አለበት። 30 ሳንቲ ይበለው ወይስ አንድ ሜትር? ያ ሰው የሚይዘው ቁጥር እኛ የምንሰጠውን ነው። ደግሞ ባሕሩ በሁሉም ቦታ እኩል አይነሳም። ግሪንላንድ ትልቅ ስለሆነ ውኃውን በስበቱ ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ሲቀልጥ ጉተታው ይላላል፣ አጠገቡ ያለው ባሕር ዝቅ ይላል፣ ርቀው ያሉት ዳርቻዎች ደግሞ ከአማካዩ በላይ ይነሳባቸዋል። በረዶውን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው ይበልጥ የሚነሳባቸው። ይህን ካወቅኩ በኋላ መተው አልቻልኩም።

ጣሊያን ውስጥ ካርታውስ በምትባል የተራራ መንደር፣ አላስካም ማካርቲ ላይ፣ ለጀማሪ የበረዶ ተማሪዎች የበጋ ትምህርት አለ። ማስተርስ ከገባህ በኋላ አመልክት። ከዚያ በፊት የምትጽፈውን ደብዳቤ ሁሉ ላክልኝ፣ አነብልሃለሁ። በውስጥ መልእክት አግኘኝ።

የጮቄ ልጅ፦

ይቅርታ ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ላፕቶፕ ከማስጠናው ልጅ ወንድም ተዋስኩ። እህቴ ጣና ዳር፣ ያልሽውን አድርጌያለሁ። መጀመሪያ የወጣው ግራፍ ምኑም አያምርም ነበር፣ አንድ ቦታ ላይ ጣና በአንድ ቀን 40 ሜትር ዘልሎ ነበር፣ የተበላሸ ልኬት ነው፣ እሱን ማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ተስተካከለ፣ በየዓመቱ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ለእሁድ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ለአባቴ ስለ ሳተላይቱም ስለ ምኑም ሳልነግረው «ይህ የጣና ውኃ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ዓመቱ ይሄዳል» ብቻ ብዬ አሳየሁት። ቀረብ ብሎ አየው። ከዚያ ጣቱን አንዱ ጫፍ ላይ አሳረፈና «ይቺ መስከረም ናት» አለ። ትክክል ነበር። ቀጥሎ ወደ ታች ወርዶ ዝቅተኛዋ ላይ አቆመና «ይቺ ደግሞ ሰኔ፣ ገና ዝናቡ ሳይይዝ» አለኝ። እሱም ትክክል ነበር። ከዚያ «የበረዶውስ እንዲህ ነው?» አለ። አይ፣ የበረዶውም ይወጣል ይወርዳል፣ ግን በየዓመቱ ከአምናው ዝቅ ብሎ ነው የሚመለሰው አልኩት። ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆየ።

አሁን የግሪንላንዱን ዳታ ላወርድ ነው። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ሌሊት ኔት ሲሻል ነው የምሞክረው። የትኛውን ላስቀድም፣ የስበቱን ወይስ የሌዘሩን?

የሞጣው፦

የስበቱን። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ በአንድ ሌሊት ይወርድልሃል። ስትጨርስ ግራፉን እዚሁ ለጥፈው።